የፓቲንግ ልኬቶች፦ የትኛው ቁጥር ይቅደም?

አራት ወር ሙሉ መታረም የሌለበትን ቁጥር ሳርም ከረምኩ።

ፓተሬ ላይ፣ ማለትም የጎልፍ ኳስን ወደ ጉድጓድ በማንከባልልበት ዱላ ላይ፣ የምትታሰር ትንሽ መለኪያ አለችኝ፤ እያንዳንዱን ምት ተከትላ ውጤቱን ወደ ስልኬ ትልካለች። ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ግቢ፣ በአትክልተኛው ፈቃድ፣ ስፋቱ ከጎልፍ ጉድጓድ ጋር እኩል የሆነ ቆርቆሮ ሣሩ ውስጥ ቀብሬ ፀሐይ ሳትበረታ እለማመዳለሁ። መለኪያዋ ሁለት ነገር ትነግረኝ ነበር። አንደኛው፣ ፓተሬ ኳሱን ሲነካ የሚጓዝበት አቅጣጫ ከዒላማው 3 ዲግሪ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሁለተኛው፣ የፓተሩ ፊት በዚያው ቅጽበት 1 ዲግሪ ወደ ቀኝ ይመለከታል። 3 ከ1 ይበልጣልና ትልቁን ጥፋት ላርም ብዬ ተነሣሁ። ደከምኩበት፤ 3 የነበረው ወደ 0 ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን ቀድሞ ይገቡልኝ የነበሩት የ4 ሜትር ኳሶች የቆርቆሮውን ቀኝ ጠርዝ እየታከኩ ማለፍ ጀመሩ።

ቁጥሩ ተሻሽሎ ጨዋታው ለምን ተበላሸ? የዚህ ጥያቄ መልስ የፓቲንግ ልኬት ዋና ቁልፍ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

አስቀድሜ ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ጎልፍን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ጫፉ የታጠፈ ዱላ አለ፣ ሩር አለች። ገና ላይ ሩሯን በሩጫና በግፊያ መካከል ትለጓታላችሁ፤ ጎልፍ ላይ ኳሱ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ የሚገፋችሁም የለም። ፓቲንግ የሚባለው የጨዋታው የመጨረሻ ክፍል ነው፤ አጥረው በታጨዱት ሣሮች ላይ፣ ግሪን በሚባለው ሜዳ፣ ኳሱን እያንከባለሉ ጉድጓድ ማስገባት። ለዚህ የሚያገለግለው ዱላ ፓተር ይባላል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን 18 ጉድጓድ ባለውና በ72 ምት ይጠናቀቃል ተብሎ በተሰላ ሜዳ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ሁለት የፓተር ምት፣ ፓት የሚባለው፣ ይታሰባል። 36 ማለት ነው፤ የጠቅላላው ግማሽ።

አሁን ወደ ፊቱና ወደ መንገዱ እንመለስ። «ፊት» የምለው ኳሱን የሚነካውን የፓተሩን ጠፍጣፋ ገጽ ነው። «መንገድ» የምለው ደግሞ የፓተሩ ራስ በአየር ላይ የሚጓዝበትን አቅጣጫ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። እጃችሁ ወደ ግራ እየሄደ ፊቱ ወደ ቀኝ ሊመለከት ይችላል፤ እኔ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ኳሱ ሲነሣ በዋናነት የሚታዘዘው ለፊቱ ነው። የፓተር ፊት ለኳሱ እንደ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ላይ ኳስ የጠለዘ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ኳሱ የሚመለስበትን አቅጣጫ የሚወስነው የግድግዳው አቀማመጥ ነው። መንገዱ ኳሱን በጥቂቱ ወደ ጎን ይጎትተዋል እንጂ አይመራውም። የኳሱን መነሻ አቅጣጫ ስድስት ቦታ ብንከፍለው አምስት እጁ ያህል የፊቱ፣ አንድ እጁ ያህል የመንገዱ ነው።

የእኔን ጥፋት በዚህ እናስላው። የፊቱ 1 ዲግሪ በአምስት ስድስተኛ ሲባዛ 0.83 ዲግሪ ወደ ቀኝ ይሆናል። የመንገዱ 3 ዲግሪ በአንድ ስድስተኛ ሲባዛ 0.5 ዲግሪ ወደ ግራ ይሆናል። ሲጣፉ 0.33 ዲግሪ ወደ ቀኝ ይቀራል፤ ይህ በ4 ሜትር ርቀት 2.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 10.8 ሴንቲ ሜትር፣ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 5.4 ስለሆነ ኳሱ ይገባል። መንገዱን 0 ሳደርገው ግን ሲያካክስልኝ የኖረው ግማሽ ዲግሪ ጠፋና የፊቱ 0.83 ብቻውን ቀረ። በ4 ሜትር 5.8 ሴንቲ ሜትር። ኳሱ ወጣ። ሁለቱ ስሕተቶች ተደጋግፈው የቆሙ ምሰሶዎች ነበሩ፤ እኔ አንዱን ነቀልኩት።

ለዚህ ነው መለኪያ የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊቱን ይይ የምለው። መንገድ ለዓይን ይታያል፤ በቪዲዮም ጎልቶ ይወጣል፤ ሰው ሲመክራችሁም የሚናገረው ስለ እሱ ነው። ፊቱ ግን በዓይን የማይያዝ ትንሽ ነገር ነው፤ ኳሱን የሚያዝዘውም እሱ ነው።

አንድ ዲግሪ ስንት ነው? በአሃዝ ስታዩት ምንም አይመስልም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አፍንጫዋን 1 ዲግሪ ብቻ ቢያዛንፍ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ካሰበው ቦታ 175 ሜትር ርቆ ይደርሳል። ቀዛፊው ግን ዓይኑ ክፍት ነው፤ የደሴቱን ዛፎች እያየ በመንገዱ ላይ ያርማል። ኳስ ከተለቀቀ በኋላ የሚያርመው የለም። 1 ዲግሪ በ1 ሜትር 1.7 ሴንቲ ሜትር፣ በ2 ሜትር 3.5፣ በ3 ሜትር 5.2 ይሆናል። የጉድጓዱ ግማሽ ስፋት 5.4 መሆኑን አስታውሱ። እንግዲህ በሜዳማ ቦታ ፊታችሁን 1 ዲግሪ ውስጥ መያዝ ከቻላችሁ፣ በ3 ሜትር ርቀት ያለ ጉድጓድ በአቅጣጫ በኩል አያመልጣችሁም። ከዚያ ቢርቅ ግን 1 ዲግሪም ይበዛል። በአሜሪካው ፒጂኤ ቱር የሚጫወቱት ባለሙያዎች እንኳ ከ2 ሜትር ከ40 ገደማ ከሚመቱት የሚያስገቡት ግማሽ ያህሉን ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከ2 ሜትር በሳትኩ ቁጥር በራሴ መናደድ ትቻለሁ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለው እዚህም ይሠራል።

ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። የስልክ መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ በትልቁ ጽፈው የሚያሳዩት አማካዩን ነው። ሁለት ተጫዋቾች አምስት አምስት ጊዜ መቱ እንበል። የአንደኛው ፊት በቅደም ተከተል 2 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ 3 ወደ ግራ፣ 1 ወደ ቀኝ፣ 2 ወደ ግራ፣ 2 ወደ ቀኝ ነበር። ደምሩት፤ 0 ነው። አማካዩም 0። መተግበሪያው ፍጹም ብሎ ያመሰግነዋል። የሁለተኛው 1.5፣ 1.4፣ 1.6፣ 1.5፣ 1.5፣ ሁሉም ወደ ቀኝ። አማካዩ 1.5 ዲግሪ ስለሆነ መተግበሪያው ቀይ ያበራበታል። እኔ ግን ምርጫ ቢሰጠኝ ሁለተኛውን መሆን እመርጣለሁ። የእሱ ችግር አንድ ነው፤ አቋሙን ወይም አያያዙን ትንሽ ቢያስተካክል አምስቱም አብረው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ግን የሚያርመው የተወሰነ ነገር የለውም፤ እያንዳንዱ ምት ሌላ ሰው የመታው ይመስላል። ስለዚህ አማካዩን ከማየታችሁ በፊት ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን መራራቅ እዩ። ሃያ ምት መዝግቡ፤ በአምስት ምት ብቻ ስለ ራሳችሁ አትፍረዱ።

ሌላም ወጥመድ አለ። በፓተር ላይ የሚታሰሩ ትንንሽ መለኪያዎች አብዛኞቹ ጉድጓዱ የት እንዳለ አያውቁም። ኳሱ ፊት ቆማችሁ ፓተሩን ስታሳርፉ ያ አቀማመጥ 0 ነው ብለው ይነሣሉ፤ የሚነግሯችሁ ከዚያ ምን ያህል እንደራቃችሁ ነው። ስትቆሙ ፓተሩን 2 ዲግሪ ወደ ግራ አነጣጥራችሁ ከሆነና ምታችሁ ንጹሕ ከሆነ ስልኩ 0 ብሎ ይጽፋል፤ ኳሱ ግን በ2 ዲግሪ ስቶ ይሄዳል። ይህን የገለጡልኝ አናጺ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጎልፍ ተጫውተው አያውቁም። ስልኬን አሳይቻቸው ስለ ዲግሪ ሳወራ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ሜትሩን ከመዘርጋትህ በፊት ዜሮው የት እንደተቀመጠ አይተሃል?» አሉኝ። አላየሁም ነበር። ወደ ቤት ገብተው የአናጺ ገመዳቸውን፣ ውሃ ልካቸውንና ማዕዘናቸውን ይዘው ወጡ። ገመዱን ከኳሱ ሥፍራ እስከ ቆርቆሮው ወጠርን። ማዕዘኑን በገመዱ ልክ አስቀምጠው ፓተሩን እንደ ልማዴ እንዳሳርፍ አደረጉኝ። ፊቱ ከማዕዘኑ ጋር መግጠም ሲገባው በአንድ በኩል ቀጭን ብርሃን ታየ። የዚያች ብርሃን ስፋት የአንድ ብር ሳንቲም ውፍረት አይሞላም፤ ግን በየቀኑ ስጀምርበት የኖርኩት ስሕተት ነበረች። ውሃ ልኩ ደግሞ ሜዳ ነው ብዬ የማምነው ሣር ወደ ሐይቁ በኩል እንደሚያዘነብል ነገረን። ያዘነበለ መሬት ላይ የሚወሰድ ልኬት እናንተን ሳይሆን መሬቱን ይለካልና ቆርቆሮውን አዛወርነው።

እሳቸው በዚያው አላቆሙም። መሣሪያ ለሌለው ሰው የሚሆን ነገር እንድንሠራ ጠየቅኋቸው፤ ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝም ይህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኳሱ 4.27 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከኳሱ 50 ሴንቲ ሜትር ፊት ለፊት 1 ዲግሪ ማለት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በግራ 9፣ በቀኝ 9 ብንጨምርለት 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር እናገኛለን። ጋሼ ከትርፍራፊ እንጨት ሁለት መቃንና አንድ ማገናኛ ቆርጠው ያችን በር በሃያ ደቂቃ ሠሩልኝ። የውስጥ ስፋቷን ሁለት ጊዜ ለኩት፤ ልክ 6። ከኳሱ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ አቁሟትና ምቱ። ኳሱ መቃኑን ሳይነካ ካለፈ አነሣሡ 1 ዲግሪ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ በ3 ሜትር ያለ ጉድጓድም በአቅጣጫ ይደርሰዋል። ከሃያ ስንቱ አለፈ? ያ ቁጥር ብዙ ብር ከወጣበት መሣሪያ የሚገኘውን ዋና መረጃ ይሰጣችኋል። መቃኑን ሲነካ የቀኙን ነው ወይስ የግራውን የሚለውንም መዝግቡ፤ ሁልጊዜ አንድ ወገን ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ የሚታረም ነው።

አቅጣጫ እንዲህ ነው። ፍጥነትስ? እዚህ ላይ ሜዳውን ሳይለኩ ራስን መለካት አይቻልም። የግሪን ፍጥነት የሚለካበትን መሣሪያ ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፈለሰፈ፤ ስሙም ስቲምፕሜትር ይባላል። ዛሬ የሚሠራበት 91 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ መሐሉ እንደ ቦይ የጎደጎደ የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ኳሱን ከታችኛው ጫፍ 76 ሴንቲ ሜትር ላይ ባለችው ጎድጓዳ ታስቀምጣላችሁ፤ ዘንጉን ቀስ እያላችሁ ስታነሡት ወደ 20 ዲግሪ ሲደርስ ኳሱ በራሱ ይወርዳል፤ ሜዳውን ሲነካ በሰኮንድ 1.83 ሜትር ያህል ይሮጣል። ከዚያ የተንከባለለበትን ትለካላችሁ፤ በአንድ አቅጣጫ፣ ከዚያም በተቃራኒው፤ የሁለቱንም አማካይ ትወስዳላችሁ። በተለመደ ግሪን ከ2.4 እስከ 3 ሜትር ይሄዳል፤ ለትልልቅ ውድድር በተዘጋጀ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። እኛ በእንጨት አስመስለን በሠራነው ስንለካ የሆቴሉ ሣር በክረምት 1 ሜትር ከ20 ሰጠን፤ የሳሎኔ ምንጣፍ ደግሞ 3 ሜትር። ምንጣፍ ላይ ተለማምጄ ሣር ላይ ኳሴ ለምን አጥሮ እንደሚቀር ያን ቀን ገባኝ።

ስለ ሣር ካነሣሁ፣ በሞቃት አገሮች ግሪን ላይ የሚተከለው ሣር በብዛት ከእኛው ሰርዶ ዝርያ የተዳቀለ ነው። ሰርዶ ቅጠሉን ወደ አንድ ወገን ያስተኛል፤ በተኛበት አቅጣጫ የሚሄድ ኳስ ይፈጥናል፣ በተቃራኒው ይዘገያል። ሜዳውን በሁለቱም አቅጣጫ መለካት ያስፈለገው ለዚህም ጭምር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗ ግን ለፓት ለውጥ አያመጣም፤ አየሩ መሳሳቱ በአየር ላይ ረጅም የሚበርን ኳስ ያርቀዋል እንጂ የሚንከባለለውን አያስፈጥነውም።

የፍጥነት ስሕተት ከምትገምቱት በላይ ውድ ነው። ኳስ የሚሄድበት ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነቱን በ10 በመቶ ብታበዙት ርቀቱ በ21 በመቶ ይረዝማል፤ 5 ሜትር ሊሄድ ያሰባችሁት ኳስ 6 ሜትር አልፎ ይቆማል። ከዚያ በላይ ደግሞ ፍጥነት የጉድጓዱን ስፋት ይቀንሳል። በቀጥታ መሐሉን የሚመታ ኳስ እንኳ ጠርዙ ላይ ሲደርስ በሰኮንድ ከ1.63 ሜትር በላይ የሚሮጥ ከሆነ ዘሎት እንደሚያልፍ በስሌት ተረጋግጧል። ቀስ ብሎ የደረሰ ኳስ ግን በጠርዙም ይወድቃል። ስለዚህ የጋሼ በር የምትምረው 1 ዲግሪ የሚሠራው ኳሱ ደክሞ ሲደርስ ነው። በ5 ሜትር ላይ አሥር ኳስ መትታችሁ እያንዳንዱ የቆመበትን ርቀት ጻፉ፤ እዚህም ከአማካዩ ይልቅ በጣም ባጠረውና በጣም በራቀው ኳስ መካከል ያለው ርቀት ይበልጥ ይናገራል።

ፍጥነት የሚበተነው ብዙ ጊዜ ቴምፖ ስለሚዛባ ነው። ቴምፖ ፓተሩን ወደ ኋላ ለመሳብና ወደ ፊት መልሶ ኳሱን እስኪነካ የሚወስደው የጊዜ ድርሻ ነው። በጎበዝ ተጫዋቾች ዘንድ ወደ ኋላው የወደ ፊቱን ሁለት እጥፍ ያህል ይወስዳል፤ ለምሳሌ 0.6 ሰኮንድና 0.3 ሰኮንድ። ይህን ለመለካት ስልክ ይበቃል። በሰኮንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ካሜራ ካላችሁ ምታችሁን ቅረጹና ምስሎቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ 144 ወደ ኋላ፣ 72 ወደ ፊት ሲሆን ያው 0.6 እና 0.3 ነው። እኔ ስቆጥር በአጭር ፓት 140 እና 70 አገኘሁ፤ በ8 ሜትር ፓት ግን 150 እና 55። ርቀት ሲበዛብኝ ኳሱን ልደርስበት እጣደፋለሁ ማለት ነው። ቄሱ ጽናውን ሲያወዛውዙ ልብ ብላችሁ እዩ፤ በጠባቡም ሲወዛወዝ በሰፊው፣ የሚወስደው ጊዜ ያው ነው። ረጅም ፓት የሚፈልገው ሰፋ ያለ ውዝዋዜ ነው፤ ችኮላ አይፈልግም። ሁለት ለአንድ የሚለውን እንደ ሕግ አልይዘውም፤ የእናንተ ሁለት ከሩብ ለአንድ ቢሆንና በአጭሩም በረጅሙም ያው ከሆነ አትንኩት።

ኳሱ ፊቱን የት ላይ ይነካል የሚለውን ለማወቅ ጠመኔ ፊቱ ላይ ቀቡና ምቱ፤ ምልክቱ ይቀራል። ከመሐል የራቀ ምት ጉልበት ያጣል፣ ኳሱም አጥሮ ይቀራል። ፊቱ ወደ ላይ የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ ሎፍት የሚባለው፣ በአብዛኛው ፓተር 3 ወይም 4 ዲግሪ ነው። ኳሱ በክብደቱ ሣሩን ስለሚጫን ከዚያ እንዲወጣ ያግዘዋል። ኳስ መጀመሪያ ይንሸራተታል፤ ሙሉ በሙሉ መንከባለል ሲጀምር ከመነሻ ፍጥነቱ አምስት ሰባተኛው ቀርቶት ነው፤ ይህ የማንኛውም ወጥ ድፍን ኳስ ጠባይ ስለሆነ ማንም አያስቀረውም። በሎፍት ላይ ከዚህ በላይ ጊዜ አላጠፋም። እጃችሁን ከኳሱ በጣም ወደ ፊት ካላስቀደማችሁ በቀር ለጀማሪ የሚያሳስብ ቁጥር አይደለም።

አሁን ጠዋት ስወጣ መጀመሪያ በሯን አቆማለሁ፤ ሃያ ኳስ እመታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስልኩን የማየው። ፊቴ በአማካይ 0.4 ዲግሪ ወደ ቀኝ ነው፤ መራራቁም ከበፊቱ ግማሽ ሆኗል። በግድ ወደ 0 ያወረድኩት መንገድ ስተወው በራሱ ተመልሶ 2 ዲግሪ ወደ ግራ ላይ ረግቷል። የአምስት ስድስተኛውንና የአንድ ስድስተኛውን ስሌት ብትሠሩት ሁለቱ ተጣፍተው ምንም አይተርፍም። የ4 ሜትሩ ኳስ ቆርቆሮው ውስጥ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ተመልሷል፤ መንገዱን አልነካሁትም።